ለካዮቲ አደን ባለ ተሬት ስኮፕ፦ ከምርጫ እስከ ሜዳ ፍተሻ

በኮሎራዶ፣ በቴክሳስና በሌሎች የአሜሪካ ግዛቶች ካዮቲ (ቀበሮ መሰል የሰሜን አሜሪካ አውሬ) ማደን የጀመሩ ወገኖቻችን ደጋግመው የሚነግሩኝ ችግር ተመሳሳይ ነው። ውድ ስኮፕ (በጠመንጃ ላይ የሚገጠም፣ አጉልቶ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ) ይገዛሉ፣ በመለማመጃ ስፍራ በደንብ ይመታሉ፣ ሜዳ ላይ ግን እንስሳው ቆሞላቸው ይስታሉ፤ ከመሳትም የከፋው፣ አቁስለው ይለቁታል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ስኮፑ ሳይገዛ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ባለመጠየቁ፣ ወይም ከተገዛ በኋላ መደረግ የነበረበት ፍተሻ ባለመደረጉ የሚመጣ ነው።

ተሬት የምንለው ከስኮፑ አናትና ከቀኝ ጎኑ ላይ ያሉትን የሚዞሩ ማስተካከያዎች ነው። የአናቱ አረሩ የሚያርፍበትን ቦታ ወደ ላይና ወደ ታች፣ የጎኑ ደግሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዛውራል። እያንዳንዱ ቀጭ የሚል እርምጃ አንድ ክሊክ ይባላል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆሙ ናቸው፤ ለካዮቲ የሚያስፈልገው ተሬት ብዙ የሚዞር ሳይሆን፣ ከዞረ በኋላ ወደ ነበረበት በትክክል የሚመለስ ነው።

ደረጃ 1፦ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት

1. ሕጋዊ ሁኔታዎን ያረጋግጡ። በጊዜያዊ ቪዛ የሚኖር ሰው የጦር መሣሪያ መያዝ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ በመርህ ደረጃ የተከለከለ ነው። የአደን ፈቃድ ላላቸው የተቀመጠ ልዩ ሁኔታ ቢኖርም በራስዎ ግምት አይመኩ፤ የሕግ ባለሙያ ይጠይቁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሁኔታ ከዚህ የተለየ ነው። በኮሎራዶ ከጥር 1 ቀን 1949 ጀምሮ (በአውሮፓ አቆጣጠር) የተወለደ ሰው የአደን ፈቃድ ለመግዛት የአዳኞች ትምህርት ማጠናቀቅ አለበት። በግል መሬት ላይ ለማደን ደግሞ፣ አጥር ባይኖረውና ምልክት ባይሰቀልበትም፣ የባለቤቱን ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው።

2. የጥይትዎን ዓይነትና የአረሩን ክብደት ከሳጥኑ ላይ ይገልብጡ። ለካዮቲ የተለመዱት .223 ሬሚንግተን፣ .22-250 ሬሚንግተንና .243 ዊንቸስተር ናቸው።

3. በእርግጠኝነት የሚመቱበትን የመጨረሻ ርቀት ይጻፉ። የሚጻፈው የሚመኙት ርቀት አይደለም፤ ተቀምጠው ወይም በሁለት እግር ማስደገፊያ ላይ ተኝተው ከአምስት ጥይት አምስቱን 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ የሚያሳርፉበት ርቀት ነው። የካዮቲ ልብና ሳንባ የሚገኝበት ቦታ ስፋቱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የክረምት ጠጉሩ ገላውን ከእውነተኛው መጠን አግዝፎ ስለሚያሳይ ብዙ ጀማሪዎች ሰፊ ኢላማ ያገኙ ይመስላቸዋል።

4. አረሩ ምን ያህል እንደሚወርድ ያስሉ። 55 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ ነው) አረር ያለው .223 ከአፈሙዝ በሰከንድ 3,240 ጫማ ገደማ ፍጥነት ይወጣል። ጠመንጃው በ200 ያርድ ላይ ዜሮ ከተደረገ (ማለትም በዚያ ርቀት አረሩ ያነጣጠሩበት ቦታ ላይ እንዲያርፍ ከተስተካከለ፤ አንድ ያርድ 0.91 ሜትር ያህል ነው)፣ አረሩ በ100 ያርድ ላይ ወደ 3.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፣ በ300 ያርድ ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፣ በ400 ያርድ ደግሞ ወደ 54 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። እነዚህ መነሻ ግምቶች ናቸው፤ ፍጥነቱ ከጠመንጃ ጠመንጃ ስለሚለያይ የራስዎን ቁጥር በፍጥነት መለኪያና በስልክ ላይ በሚገኝ የአረር ጉዞ ማስያ ያግኙ።

አራተኛውን ነጥብ ልብ ይበሉ። ከቅርብ እስከ 200 ያርድ ጥቂት እልፍ ድረስ ተሬቱን መንካት አያስፈልግም ማለት ነው። በ400 ያርድ እንኳ የሚያስፈልገው ማስተካከያ ወደ 5 ኤም ኦ ኤ (በደረጃ 2 የሚብራራ የማዕዘን መለኪያ)፣ ማለትም አንድ ክሊኩ ሩብ ኤም ኦ ኤ በሆነ ተሬት ወደ 20 ክሊክ ብቻ ነው። ይህ ከአንድ ሙሉ ዙር በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ፣ ሻጩ የስኮፑን ጠቅላላ የማስተካከያ መጠን እየጠቀሰ ዋጋ ሲያስወድድብዎት ለእርስዎ አደን የማያስፈልግ ነገር እየሸጠልዎ መሆኑን ይወቁ።

ደረጃ 2፦ የመለኪያውን ቋንቋ አንድ ያድርጉ

ተሬቶች የሚሠሩት በኤም ኦ ኤ ወይም በሚል ነው። አንድ ኤም ኦ ኤ በ100 ያርድ ላይ 2.66 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ አንድ ሚል በ100 ሜትር ላይ ልክ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ከሁለቱ አንዱ ከሌላው የበለጠ ትክክለኛ አይደለም። ርቀትን በያርድና በኢንች የሚያስብ የአደን ጓደኛ ካለዎት ኤም ኦ ኤ ይቀልዎታል፤ በሜትር የሚያስቡ ከሆነ ሚል ይቀናዎታል።

ማስጠንቀቂያ፦ የተሬቱ መለኪያና በሌንሱ ውስጥ የሚታየው የመስቀለኛው መስመር መለኪያ አንድ ዓይነት ይሁኑ። በገበያው ላይ መስመሩ በሚል፣ ተሬቱ በኤም ኦ ኤ የሆነ ስኮፕ አልፎ አልፎ ይገኛል። በዚህ ዓይነቱ ስኮፕ የሳቱትን ርቀት በመስመሩ ለክተው በተሬቱ ለማረም በሚቸኩሉበት ሰዓት ማባዛት ይጠበቅብዎታል፤ ካዮቲ ግን እስኪያባዙ ቆሞ አይጠብቅም። ርካሽ ቢሆንም ይተዉት።

ደረጃ 3፦ ማጉያውን ከታች ጀምረው ይምረጡ

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው የላይኛውን ቁጥር ነው። እርስዎ መጀመሪያ የታችኛውን ይጠይቁ። አዳኙ በሚያሰማው የጥሪ ድምፅ የመጣ ካዮቲ ነፋሱን ለማሽተት ዞሮ በጎን ብቅ ይላል፤ አንዳንዴም ከ40 ያርድ ባነሰ ርቀት እየሮጠ ይደርሳል። በ3 ማጉያ ላይ በ100 ያርድ ርቀት ወደ 10 ሜትር ስፋት ያለው ሜዳ ይታያል፤ በ6 ማጉያ ይህ በግማሽ ይቀንሳል። ከ6 የሚጀምር ስኮፕ የያዘ አዳኝ ጠጉር እንጂ እንስሳ አያይም።

- ከ2.5 ወይም ከ3 የሚጀምርና በ10 ወይም በ15 የሚያበቃ ስኮፕ ይምረጡ። ከ3 እስከ 15 ማጉያና 44 ሚሊ ሜትር የፊት ሌንስ ያለው ስኮፕ ለዚህ ሥራ በቂ ነው።
- የፊት ሌንሱን ስፋት በማጉያው ቁጥር ያካፍሉ። 44 ለ6 ሲካፈል 7.3 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ይህ ጎሕ ሲቀድ ዓይንዎ ሊቀበለው ከሚችለው የብርሃን ስፋት ጋር የሚመጣጠን ነው። 44 ለ15 ሲካፈል ግን ከ3 ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ ምስሉ ይጨልማል። ስለዚህ ማለዳ ላይ ማጉያውን ዝቅ ማድረግ ትልቅ ሌንስ ከመግዛት ይሻላል።
- የቧንቧው ውፍረት 25.4 ሚሊ ሜትር ወይም 30 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለዚህ አደን ለውጥ አያመጣም። የ34 ሚሊ ሜትሩ ክብደት ብቻ ይጨምርብዎታል።
- ፓራላክስ (ዓይን ከሌንሱ መሐል ሲርቅ መስቀለኛው መስመር ከኢላማው ላይ የሚንሸራተት መምሰሉ) የሚያስተካክል የጎን ማዞሪያ ቢኖረው መልካም ነው። ከሌለው ግን አምራቹ በስንት ያርድ ላይ እንዳሰረው ይጠይቁ።

የመጀመሪያና የሁለተኛ የትኩረት ሜዳ የሚባለው ጉዳይ (መስቀለኛው መስመር በስኮፑ ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ) ብዙዎችን ያደናግራል። የተሬቱ ክሊክ በሁለቱም ዓይነት በየትኛውም ማጉያ ላይ እኩል ይሠራል። የሚለወጠው በመስመሩ ላይ ያሉት ጭረቶች ዋጋ ነው። በሁለተኛው ዓይነት ጭረቶቹ ትክክል የሚሆኑት በአንድ ማጉያ ላይ ብቻ፣ በብዛትም በከፍተኛው ላይ ነው፤ ማጉያውን በግማሽ ሲቀንሱ የእያንዳንዱ ጭረት ዋጋ በእጥፍ ይጨምራል። በመጀመሪያው ዓይነት ዋጋቸው አይለወጥም፤ ነገር ግን በዝቅተኛ ማጉያ መስመሩ እንደ ሸረሪት ድር ስለሚቀጥን ጎሕ ሲቀድ በደረቅ ሣር ላይ ይጠፋል። ለካዮቲ እኔ ሁለተኛውን ከሚበራ ማዕከል ጋር እመርጣለሁ።

ደረጃ 4፦ ተሬቱን በእጅዎ ይፈትሹ

ይህን ደረጃ በኢንተርኔት ምስል ላይ መፈጸም አይቻልም፤ ስኮፑን ሱቅ ውስጥ ይያዙት።

1. ዓይንዎን ጨፍነው የአናቱን ተሬት አስር ክሊክ ያዙሩ፤ እየቆጠሩ ያዙሩት። ከዚያ ዓይንዎን ከፍተው ተሬቱ ስንት ጭረት እንዳለፈ ይመልከቱ። አስር ቆጥረው ዘጠኝ ወይም አስራ አንድ ላይ ካገኙት ክሊኩ ለጣት አይለይም ማለት ነውና ይተዉት።
2. ያንኑ በወፍራም የክረምት ጓንት ይድገሙ።
3. በእያንዳንዱ ክሊክ ላይ የተሬቱ ጭረት ከቋሚው ምልክት ጋር መገጣጠሙን ይዩ። በሁለት ጭረቶች መካከል የሚቆም ተሬት ሜዳ ላይ ያጠራጥርዎታል።
4. የዜሮ ማቆሚያ እንዳለው ይጠይቁ። ይህ ተሬቱ ወደ ታች ሲዞር ዜሮ ላይ ደርሶ እንዲገታ የሚያደርግ አካል ነው፤ በጨለማም ቢሆን በጣት ብቻ ወደ ዜሮ እንዲመለሱ ያስችልዎታል።
5. መቆለፊያ እንዳለው ያረጋግጡ። አንዳንዱ ተስቦ የሚከፈት ነው፤ አንዳንዱ፣ ለምሳሌ ሲ ዲ ኤስ ዜድ ኤል የሚባለው የሉፖልድ (Leupold) ተሬት፣ ዜሮ ላይ ሲደርስ የሚቆለፍና ቁልፉን ተጭነው የሚያስለቅቁት ነው።
6. የጎኑ ተሬት በክዳን የተሸፈነ ይሁን። ነፋስ ከደቂቃ ደቂቃ ስለሚለዋወጥ በተሬት አይከታተሉትም፤ በመስመሩ ጭረቶች ይይዙታል።

መቆለፊያው ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ በራሴ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። በአንድ የጥር ማለዳ፣ በምሥራቅ ኮሎራዶ ሜዳ ላይ፣ አንድ ካዮቲ በ150 ያርድ ላይ ጎኑን ሰጥቶኝ ቆመ። ምላጩን ስስብ ከጀርባው በስተኋላ በረዶው ቡን ሲል አየሁ፤ እንስሳውም ተፈትልኮ ሄደ። ቀና ብዬ ተሬቱን ሳየው ቁጥሩ 0 መሆኑ ቀርቶ 4 ላይ ነበር። ጠመንጃውን ከማኅደሩ ስስበው ጨርቁ አዙሮታል። አራት ኤም ኦ ኤ በ150 ያርድ ላይ ወደ 16 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ነው፤ አረሩን በጀርባው ላይ ለማሳለፍ ከበቂ በላይ ነው።

በቁጥር ፋንታ ርቀት የተቀረጸበት ተሬት ይቀርብልዎት ይሆናል። አጠቃቀሙ ፈጣን ነው፤ ሆኖም የተቀረጸው ለአንድ አረር፣ ለአንድ ፍጥነትና ለተወሰነ የአየር ሁኔታ ነው። ከባሕር ወለል አቅራቢያ ወደ ኮሎራዶ ከፍታ ሲወጡ አየሩ ስለሚሳሳ አረሩ ያነሰ ይወርዳል። መጀመሪያ በተራው ተሬት አንድ ወቅት አድነው ጥይትዎን ከወሰኑ በኋላ ያስቀርጹ።

ደረጃ 5፦ ሲገዙ

የዋስትናውን ወረቀት ያንብቡ፤ በተለይ ዋስትናው ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ መሆን አለመሆኑን ይዩ። የመመለሻ ቀን ገደቡን ይመዝግቡ፤ ከዚህ በታች ያለው ፍተሻ ከዚያ ቀን በፊት ማለቅ አለበት። ከታወቀ ሻጭ ይግዙ፤ በግማሽ ዋጋ የሚቀርብ የታወቀ ስም ያለው ስኮፕ ብዙ ጊዜ ቅጂ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ለጠመንጃ የሚሠሩ ስኮፖች በአሜሪካ የኤክስፖርት ቁጥጥር ደንብ ውስጥ የሚገቡ ናቸው። ለዘመድ ስጦታ ነው ብለው በሻንጣ ወደ አገር ቤት ለመውሰድ ወይም በፖስታ ለመላክ አይሞክሩ።

ደረጃ 6፦ ገጠማ

1. ጥይቱን ያውጡ፣ ካዝናውን ይንቀሉ፣ ቀለሁ ያለበትን ክፍል በጣትዎ ዳስሰው ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ። ጥይቶቹን ወደ ሌላ ክፍል ይውሰዱ።
2. በጠመንጃው ላይ የሚታሰረውን የስኮፕ መቀመጫ ብሎኖች ከዘይት አጽድተው አምራቹ በጻፈው ልክ ያጥብቁ። ጥብቀት የሚለካ ካቻቪቴ ይግዙ፤ ይህ ዕቃ ከስኮፑ ዋጋ አንጻር ትንሽ ነው፤ የሚያድንዎት ግን ከብዙ ራስ ምታት ነው።
3. ስኮፑን በመቀመጫው ላይ አቅፈው በሚይዙት ቀለበቶች ውስጥ ያስቀምጡ፤ ብሎኖቹን ገና አያጥብቁ። ማጉያውን ከፍተኛው ላይ አድርገው፣ የክረምት ካፖርት ለብሰው ጠመንጃውን ትከሻዎ ላይ ያድርጉ። ዙሪያው ሳይጨልም ሙሉ ምስል እስኪታይዎት ስኮፑን ወደፊትና ወደኋላ ያንሸራትቱ። በዓይንዎና በሌንሱ መካከል ከ9 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይኑር።
4. ጠመንጃውን በውሃ ልክ ያስተካክሉ። ከዚያ በርቀት ቱንቢ ሰቅለው የመስቀለኛው ቋሚ መስመር ከቱንቢው ገመድ ጋር እንዲጋጠም ስኮፑን ያሽከርክሩ። የዘመመ ስኮፕ ተሬቱ ከፍ ባለ ቁጥር አረሩን ወደ ጎን ይወስዳል።
5. የቀለበቱን ብሎኖች ግራና ቀኝ እያፈራረቁ ጥቂት በጥቂት ያጥብቁ። ብዙ አምራቾች ከ15 እስከ 18 ኢንች ፓውንድ (የጥብቀት መለኪያ) ያዛሉ። ካጠበቁ በኋላ ቱንቢውን ዳግም ይዩ፤ ሲጠብቅ ይዞራልና።

ደረጃ 7፦ ዜሮ ማድረግ

በ25 ያርድ ይጀምሩ። በዚህ ርቀት አንድ የሩብ ኤም ኦ ኤ ክሊክ አረሩን የሚያንቀሳቅሰው 1.7 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ብዙ ክሊክ ማዞር ሊኖርብዎት ይችላል፤ አይደንግጡ። ቀጥለው በ100፣ በመጨረሻም በ200 ያርድ ላይ ሦስት ሦስት ጥይት እየተኮሱ የሦስቱን መካከል ያርሙ። በአንድ ጥይት ላይ ተመሥርተው ተሬት አያዙሩ። በ200 ያርድ ላይ ሲጨርሱ የተሬቱን ትናንሽ ብሎኖች ፈትተው፣ ውስጡን ሳያንቀሳቅሱ ቁጥሩን 0 ላይ ያድርጉ፤ የዜሮ ማቆሚያውንም ያስሩ። ከዚያ ሦስት ጥይት ደግመው ይተኩሱ። የአረሩ ቦታ ከተለወጠ ብሎኑን ሲፈቱ ውስጡ ዞሯል ማለት ነውና ይድገሙት።

ደረጃ 8፦ የረጅም ወረቀት ፍተሻ

የሚዘለለው ደረጃ ይህ ነው፤ ሜዳ ላይ የሚያስከፍለውም ይኸው ነው።

1. 80 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ወረቀት ይስቀሉ፤ በቱንቢ እየተመሩ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ፤ ከመስመሩ ታች ነጥብ ያድርጉ።
2. 100 ያርዱን በመለኪያ ገመድ ይለኩ፤ በእግር እርምጃ አይገምቱ።
3. ተሬቱ 0 ላይ ሆኖ በነጥቡ ላይ አነጣጥረው ሦስት ይተኩሱ።
4. 20 ኤም ኦ ኤ ወደ ላይ ያዙሩ፤ አሁንም በዚያው ነጥብ ላይ አነጣጥረው ሦስት ይተኩሱ።
5. ወደ 0 መልሰው ሦስት ይተኩሱ።
6. በታችኛውና በላይኛው ቡድን መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ። መሆን ያለበት 53.2 ሴንቲ ሜትር ነው። ተሬትዎ በሚል ከሆነ 6 ሚል ያዙሩ፤ ውጤቱ 54.9 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት።

ውጤቱን እንዲህ ያንብቡ። የለኩት 52.1 ከሆነ ስህተቱ 2 በመቶ ነው። ለ400 ያርድ በሚያስፈልገው 5 ኤም ኦ ኤ ላይ ይህ በአንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚታይ ለካዮቲ አያሳስብም። ስህተቱ ከ5 በመቶ ከበለጠ ስኮፑን ይመልሱ። ከዚህ በላይ የሚከብደው ግን አምስተኛው እርምጃ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ጥይቶች ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ጋር ካልተቀላቀሉ ተሬቱ አይመለስም ማለት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነው ብለው አይታገሡ፤ በመመለሻው ገደብ ውስጥ እያሉ ይመልሱት። የላይኛው ቡድን ከመስመሩ ወደ ጎን ከሸሸ ደግሞ ስኮፑ ዘምሟል፤ ወደ ደረጃ 6 ይመለሱ።

ጥይት ለመቆጠብ ከፈለጉ ባዶውን ጠመንጃ በማይነቃነቅ ነገር ላይ አስረው፣ ወረቀቱ ላይ ጭረት አስምረው፣ መስቀለኛው መስመር ሲወጣና ሲመለስ በዓይንዎ ይከታተሉ። ሃያ ጊዜ ያመላልሱት። ይህ ግን ተኩስ ወደ ኋላ የሚፈጥረውን ግፊት ተጽዕኖ ስለማያሳይ የመጨረሻውን ፍርድ በጥይት ይስጡ።

ደረጃ 9፦ የሜዳ ካርድ

በሰደፉ ላይ ትንሽ ወረቀት ይለጥፉ። ለላይኛው የ.223 ምሳሌ እንዲህ ይነበባል፦ 250 ያርድ 4 ክሊክ፣ 300 ያርድ 9፣ 350 ያርድ 14፣ 400 ያርድ 20። የራስዎን ቁጥሮች በእያንዳንዱ ርቀት ላይ ተኩሰው ካላረጋገጡ አይጻፉ። ነፋስንም ያክሉበት፤ በሰዓት 10 ማይል የሚነፍስ የጎን ነፋስ ይህንን አረር በ300 ያርድ ላይ ሩብ ሜትር ያህል ይገፋዋል፤ ይህም ከእንስሳው የልብ አካባቢ ስፋት በእጥፍ ይበልጣል። ነፋሱን ማንበብ እስኪችሉ ድረስ በነፋስ ቀን ከ200 ያርድ በላይ አይተኩሱ።

ስፍራዎን ሲይዙ በዙሪያዎ ያሉትን ቁጥቋጦዎች በርቀት መለኪያ አስቀድመው ይለኩ። በስኮፑ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር አይመልከቱ፤ ለዚያ ባይኖኩላር አለ። ከኢላማው ጀርባ አፈር መኖሩን ይዩ። ከተኮሱ በኋላ፣ ከተቀመጡበት ከመነሳትዎ በፊት፣ ተሬቱን ወደ 0 መልሰው ይቆልፉ።

አንድ ነገር ሲበላሽ

*አረሮቹ ተበታተኑ።* ተሬቱን አይንኩ። የመቀመጫውንና የቀለበቱን ብሎኖች ጥብቀት ይለኩ። ሁሉም የጠበቁ ከሆኑ ደህና መሆኑ የታወቀ ሌላ ስኮፕ ይግጠሙ፤ ችግሩ ከቀጠለ ከጠመንጃው ወይም ከጥይቱ ነው።

*ተሬቱን አዙረው አረሩ አልተንቀሳቀሰም፣ ከሁለት ጥይት በኋላ ግን ዘለለ።* የውስጥ ስፕሪንጉ ደክሟል። በቤት ውስጥ አይከፈትም፤ ለአምራቹ ይላኩ።

*ዜሮ ሳያገኙ ተሬቱ መጨረሻው ላይ ደረሰ።* መቀመጫው ጠማማ ነው ወይም የፊቱና የኋላው ተቀያይሯል። አስገድደው አያዙሩ። ተሬቱን ከዳር እስከ ዳር ቆጥረው መካከሉ ላይ ይመልሱና ገጠማውን እንደገና ይጀምሩ።

*በብርድ ተሬቱ ከበደ ወይም የመስመሩ መብራት ደከመ።* መለዋወጫ ባትሪ በውስጥ ኪስዎ ይያዙ። ቀዝቃዛ ሌንስ ላይ አይተንፍሱ። በቅዝቃዜ የመለሱት ተሬት 0 ላይ መድረሱን በዓይንዎ ይመልከቱ።

*ስንት እንዳዞሩ ጠፋዎት።* አይገምቱ፤ እስከ ዜሮ ማቆሚያው መልሰው እንደ አዲስ ይቁጠሩ። ካዮቲው በዚህ መካከል ከሄደ ይሂድ።

*ጠመንጃው ወደቀ።* የዕለቱ አደን እዚህ ላይ ያበቃል። በ100 ያርድ ላይ ሦስት ጥይት ተኩሰው አረሩ ከነጥቡ 3.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ማረፉን ሳያዩ በእንስሳ ላይ አያነጣጥሩ።